«መጻፍ አይችልም» የሚባለው ልጅ፦ ዲስግራፊያ፣ ፊደላችንና ቤተሰብ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሆኑ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም ወሬው አልበረደም። በቴሌቪዥንም በታክሲም የሚሰማው «ልጆቹ እኮ ስማቸውን እንኳ አስተካክለው መጻፍ አይችሉም» የሚለው ነው።

በዚህ አንድ አባባል ውስጥ ሦስት የተለያዩ ልጆች ተቀላቅለዋል። አንደኛው በቅጡ ያልተማረ ነው። ሁለተኛው ተምሯል፣ ግን አልተለማመደም። ሦስተኛው ተምሮም ተለማምዶም እጁ እሺ አይለውም። የምንሰጣቸው ስም ግን አንድ ነው፤ ሰነፍ።

የሦስተኛው ልጅ ችግር ዲስግራፊያ ይባላል። ኦቲዝም ዛሬ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ዲስሌክሲያ፣ ማለትም የንባብ ችግር፣ አልፎ አልፎ ይነሳል። ዲስግራፊያ ግን ሲነሳ አይሰማም። ስለዚህ ልጁ በየዓመቱ በደብተሩ ይገረፋል፣ በደብተሩ ይሳቅበታል፣ በመጨረሻም «ትምህርት አይሆንለትም» ይባላል።

ዲስግራፊያ ምንድን ነው?

ዲስግራፊያ የመጻፍ ችሎታን የሚነካ የመማር ችግር ነው። የአእምሮ አቅም ማነስ አይደለም። ልጁ ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ሲጠይቁት በቃሉ ይመልሳል። ያንኑ መልስ ወረቀት ላይ አስፍር ሲባል ግን ይያዛል። ፊደሉ ይበላሻል፣ ቃል ይዘለላል፣ ዐረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይቆረጣል። አንዳንዱ ደግሞ ጽሑፉ ደህና ነው፤ ነገር ግን ሌላው በአሥር ደቂቃ የሚገለብጠውን ኖት እሱ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አይጨርሰውም።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ችግሩን ከመማር ችግሮች አንዱ አድርጎ መድቦታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የበሽታዎች ምደባም ለጽሕፈት ችግር የራሱን ቦታ ሰጥቶታል። የአሜሪካው መመሪያ ንባብን፣ ጽሕፈትንና ሒሳብን አንድ ላይ አድርጎ፣ ለትምህርት ከደረሱ ልጆች ከ5 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት የመማር ችግር እንዳለባቸው ይገምታል። የጽሕፈቱ ድርሻ ብቻውን ከዚህ ያንሳል። ቢሆንም ስልሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ አንድም የለም ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ባለሙያዎቹ ራሳቸው ሙሉ በሙሉ አይስማሙም። መመሪያው የሚያየው የቃላትን አጻጻፍ፣ ሰዋስውንና የሐሳብ አደረጃጀትን ነው። የተበላሸው የእጅ ጽሑፉ ብቻ ከሆነ ልጁ «የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር» በሚባል ሌላ ክፍል ሊመደብ ይችላል። ብዙ መምህራንና ቴራፒስቶች ግን ሁለቱንም ዲስግራፊያ ይሏቸዋል። ይህ ልዩነት ለወላጅ ትርጉም አለው፤ ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል። ችግሩ እጁ ላይ ላመዘነ ልጅ የሚረዳው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነው። ይህ ባለሙያ እንደ መጻፍ፣ መልበስና መብላት ያሉ የዕለት ተዕለት ተግባራትን ሰው በራሱ እንዲያከናውን ያሠለጥናል። ሙያው በኢትዮጵያ ገና አዲስ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀምሯል። ችግሩ ቃላትና ዐረፍተ ነገር ላይ ላመዘነ ልጅ ደግሞ የልዩ ፍላጎት መምህር ይቀርበዋል።

አንድ ነገር ሳይነገር እንዳይቀር። እዚህ የምናወራው ከልጅነት ጀምሮ ስላለ ችግር ነው። ደህና ይጽፍ የነበረ አዋቂ በድንገት መጻፍ ካቃተው ጉዳዩ ሌላ ነው። የአንጎል የደም ዝውውር መታወክ፣ በተለምዶ ስትሮክ የምንለው፣ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መሄድ ነው።

እጅና ሐሳብ የሚለያዩበት ቦታ

«ልጁ ወደ ቤት ሄደ» ብሎ ለመጻፍ አእምሮ ብዙ ሥራ ይሠራል። ዐረፍተ ነገሩን ይይዛል። ቃሉን በድምፅ ይከፋፍላል። የየድምፁን ፊደል ከትውስታ ያወጣል። የፊደሉን ቅርጽ ወደ ጣት እንቅስቃሴ ይቀይራል። በቃላት መሃል ክፍተት ይተዋል፣ መስመር ይጠብቃል። ለአብዛኞቻችን ይህ ሁሉ ከጊዜ በኋላ ሳናስበው የሚሆን ነገር ነው።

ዲስግራፊያ ያለበት ልጅ ግን እያንዳንዱን ፊደል እያሰበ ነው የሚጽፈው። ገና መኪና መንዳት የጀመረ ሰው ማርሽ ሲቀይር ወሬ እንደሚያቋርጠው ማለት ነው። አእምሮ ለአፍታ ይዞ የሚሠራበት ትውስታ ጠባብ ነው። ፊደል መሥራቱ ያን ቦታ ከያዘው ለሐሳቡ ቦታ አይተርፍም። ልጁ ሦስተኛው ቃል ላይ ሲደርስ ሊል የፈለገው አምልጦታል። ለዚህ ነው በቃሉ አምስት ደቂቃ ያስረዳውን ነገር በጽሑፍ ሁለት መስመር የሚያደርገው። መምህሩ የሚያየው ደግሞ ሁለቱን መስመር ነው።

በአሜሪካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቨርጂኒያ በርኒንገር ለረጅም ዓመታት ያካሄደቻቸው ጥናቶች ይህን ግንኙነት አሳይተዋል። ፊደል አቀላጥፎ መጻፍ በታችኛው ክፍል ልጆች የድርሰታቸውን ርዝመትና ጥራት ጭምር ይነካል። እጅ ሲዘገይ ሐሳብም አብሮ ይቀጭጫል።

ሐሳብን ከእጅ ለይቶ ማየት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ቤትን እናስብ። ተማሪው ቅኔውን የሚቆጥረው ብቻውን ጸጥ ያለ ቦታ ተቀምጦ፣ በአእምሮው ነው። ጉባኤ ቃናም ይሁን መወድስ፣ ለመምህሩ የሚነግረው በቃሉ ነው፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። ብራና ላይ መጻፍ ደግሞ የራሱ ሙያ ነበር፤ ቁም ጸሐፊው ለብቻው ሠልጥኖ የሚሠራው። የተዋጣለት ባለ ቅኔ የግድ እጀ መልካም ጸሐፊ መሆን አይጠበቅበትም ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ነው ሁለቱን አንድ አድርጎ፣ ያልጻፈ አላወቀም ማለት የጀመረው። ይህን የምለው የድሮውን ለማወደስ አይደለም፤ ለድሀ ልጅ የዘመናዊው ትምህርት በር ይሰፋል። ግን የተወሰነ ችሎታ በሌላ ችሎታ ሲለካ ምን እንደሚጠፋ የቅኔ ቤት በደንብ ያሳያል።

በፊደላችን ላይ ምን ይመስላል?

ዲስግራፊያን የሚገልጹ ጽሑፎች አብዛኞቹ የእንግሊዝኛን ችግር ነው የሚተርኩት። ቢና ዲ መገልበጥ፣ የማይነበብ ፊደል ያለበትን ቃል አሳስቶ መጻፍ፣ ወዘተ። የአማርኛ ፊደል ጠባዩ ሌላ ነው።

በአንድ በኩል ያግዛል። ፊደሉ ድምፁን በቀጥታ ይናገራል። «ሰላም» የሚለውን ለመጻፍ የተደበቀ ፊደል ማስታወስ አያስፈልግም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የቃል አጻጻፍ የሚያስለቅሰው ልጅ በአማርኛ ዲክቴሽን የተሻለ ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል እጅን ያደክማል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጽ ይሆናሉ። ቋ፣ ጓ፣ ኳን የመሳሰሉት ዲቃላዎች ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ልዩነቱ ያለው በትንንሽ ጭረቶች ላይ ነው። ጭረቷ በቡ መሃል ላይ፣ በቢ ግርጌ ላይ ትቀጠላለች። ቤ ቀለበት አላት። ባ እና ቦ ደግሞ አንዷ በመስታወት የታየች ሌላዋ ናቸው፤ የምትለያቸው የትኛው እግር አጠረ የሚለው ብቻ ነው። ሳ እና ሶ፣ ካ እና ኮ፣ ዳ እና ዶ እንዲሁ ናቸው። ነ እና ኘን፣ ተ እና ቸን፣ ከ እና ኸን የሚለየው አናት ላይ ያለች ሰረዝ ናት። የጭረቷን ቦታ አእምሮው በትክክል የሚያስታውስ፣ ጣቱ ግን ሁልጊዜ የማያገኛት ልጅ «ቤት» ለማለት «ቢት» ይጽፋል። ሲያነብ ግን «ቤት» ብሎ ነው የሚያነበው። መምህሩ ይህን ማየት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ልጁ «ሀይል» ብሎ ቢጽፍ፣ «ፀሐይ»ን በ«ጸ» ቢጀምር፣ ይህ የዲስግራፊያ ምልክት አይደለም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ አዋቂዎችም፣ ጋዜጦችም ይለያዩባቸዋል። በዚህ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ማብዛት ለማንም አይጠቅምም፤ ዲስግራፊያ ላለበት ልጅ ግን ደብተሩን በሙሉ ቀይ ያደርግበታል።

ከዚህ ሌላ የኢትዮጵያ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ይማራል። በብዙ አካባቢ አፋን ኦሮሞም አለ፤ እሱም የሚጻፈው በላቲን ነው። ትልቁና ትንሹ ፊደል፣ ሁለት ዓይነት ሥርዓተ ነጥብ፣ ሁለት ዓይነት መስመር ያለው ደብተር ይደራረባሉ። ችግሩ በአንዱ ቋንቋ ብቻ ከታየ ምናልባት የቋንቋው ትምህርት ነው የጎደለው። በሁሉም ላይ ከታየ ዲስግራፊያን መጠርጠር ይገባል።

ያልተማረን ልጅ ታማሚ እንዳናደርግ

ተቃራኒውም ስህተት አለ። የተበላሸ ጽሑፍ ሁሉ ዲስግራፊያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተደረገው የታችኛው ክፍል የንባብ ምዘና በርካታ የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ይህን ያህል ልጅ የመማር ችግር ሊኖርበት አይችልም። የጎደለው ትምህርቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በኮቪድ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በትግራይ፣ በአማራ፣ በአፋር፣ በኦሮሚያ ብዙ ልጆች በጦርነት ምክንያት ለወራት፣ ለዓመታትም ከክፍል ውጭ ሆነዋል። እነዚህ ልጆች መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው መምህርና ሰላም ነው።

ሌሎችም አሉ። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ኖት ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ መፍትሔው መነጽር ነው። ግራኝ የሆነ ልጅ በግዴታ በቀኝ እጁ እንዲጽፍ ሲደረግ ጽሑፉ ይበላሻል። ግራኝነት በራሱ ችግር አይደለም፤ ችግር የሚሆነው ማስገደዱ ነው። ይህ ልማድ በአንዳንድ ቤቶችና ክፍሎች እስከ ዛሬ መኖሩ ያሳዝናል።

ታዲያ እንዴት ይለያል? የአሜሪካው መመሪያ አንዱ መስፈርት ለዚህ ይጠቅማል። ልጁ ተለይቶ እየተረዳ ችግሩ ቢያንስ ለስድስት ወር ከቀጠለ ነው የመማር ችግር የሚባለው። ትልቅ መሣሪያ የማይፈልግ መስፈርት ነው። ፊደሉን እንደገና፣ በትንሽ በትንሹ፣ በየቀኑ አስተምረው፤ ያልተማረው ልጅ ይቀየራል። ዲስግራፊያ ያለበትም ይሻሻላል፣ ግን በጣም በዝግታ፤ ሲደክመው ደግሞ ወደነበረበት ይመለሳል። የአንድ ልጅ ጽሑፍ ጠዋትና ከሰዓት የተለያየ ሰው የጻፈው ከመሰለ ያ ራሱ ፍንጭ ነው።

ማገዝ ወይስ ማስነፍ?

መምህራን የሚያነሱት ተቃውሞ አለ፤ ቀልድ አይደለም። «በቃሉ ይመልስ ካልን፣ በኮምፒውተር ይጻፍ ካልን፣ መጻፍ መቼ ሊማር ነው? ሌላውስ ተማሪ ምን ይላል?» ይላሉ። በምርምርም ደጋፊ አላቸው። በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ካሪን ጄምስ ማንበብ ባልጀመሩ ልጆች ላይ ባደረገችው ጥናት፣ ፊደልን በእጅ መጻፍ በአንጎል ውስጥ ለንባብ የሚያገለግለውን ክፍል ከመተየብ በተሻለ አነቃቅቷል። ገና ለጀማሪ ልጅ እርሳሱን ነጥቆ ታብሌት መስጠት ዋጋ ያስከፍላል።

ሌላው ወገን የሚለው ደግሞ ይህ ነው። የሳይንስ ፈተና የሚለካው ሳይንስ ነው። ልጁ የደም ዝውውርን አብጠርጥሮ ካወቀ፣ ማወቁን በጣቱ ማሳየት ስላልቻለ ብቻ ዜሮ ማግኘቱ የፈተናው ስህተት ነው።

በእኔ እይታ ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ሰዓት ይለያያል። የጽሕፈት ሰዓት ላይ እርሳሱ አይቀርም። ስቲቭ ግራሃምና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ የእጅ ጽሑፍን በቀጥታ ማስተማር ጽሑፉንም ፍጥነቱንም እንደሚያሻሽል አግኝተዋል። የጣት ጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ ብቻውን ግን ያን ውጤት አላመጣም። ስለዚህ ጭቃ ማድቦልቦልና ዶቃ መሰካት ጥሩ ጨዋታ ቢሆንም ፊደል ማስተማርን አይተካም። በሌላ የትምህርት ዓይነት ላይ ግን ልጁ በሚችለው መንገድ ያሳይ። «ገጹን አምስት ጊዜ ገልብጥ» የሚለው ቅጣት ደግሞ ከሁለቱም ወገን አያስኬድም። የደከመ እጅ በሃያኛው መስመር የሚለማመደው ስህተቱን ነው።

ውጭ አገር ላሉ ወላጆች

በአሜሪካ ያለ ሐበሻ ቤተሰብ መብቱ በሕግ የተጻፈ ነው። አይዲኢኤ የሚባለው የፌዴራል ሕግ «በጽሑፍ መግለጽ»ን በመማር ችግርነት ይቀበላል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጁን ያለ ክፍያ መመርመር አለበት። ወላጅ ጥያቄውን በጽሑፍ ቢያቀርብ ይመረጣል፤ ፈቃዱን ከሰጠበት ቀን ጀምሮ በፌዴራሉ ደንብ 60 ቀን አለ፣ ክፍለ ግዛቱ የራሱን ጊዜ ካላወጣ በስተቀር። አይኢፒ በሚባለው ስብሰባ፣ ማለትም የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ በሚዘጋጅበት ላይ፣ ወላጅ እንዲገባው አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። «ዲስግራፊያ የሚለውን ቃል አንጠቀምም» የሚል ትምህርት ቤት ካጋጠመም፣ የአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ባወጣው ደብዳቤ ቃሉን በዕቅዱ ውስጥ መጠቀም የሚከለክል ሕግ እንደሌለ ገልጿል። ምርመራው የግል ዕቅድ ባያስገኝ እንኳ ሴክሽን 504 የሚባለው የ1973 ሕግ ተጨማሪ ሰዓትና ኪቦርድ ሊያስፈቅድ ይችላል።

በእንግሊዝ በፈተና ላይ 25 በመቶ ተጨማሪ ሰዓት፣ ኮምፒውተር ወይም የሚጽፍለት ሰው መጠየቅ ይቻላል። በእስራኤል የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ በሆነው የባግሩት ፈተናም ተጨማሪ ሰዓትና የፊደል ስህተትን አለመቁጠርን የመሰሉ ማስተካከያዎች አሉ።

ወላጆች የሚፈሩት «ልዩ ፍላጎት» የሚለው ስም ልጃቸው ላይ እንዳይለጠፍ ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ እርዳታ የሌለው ስም ማቃለያ ብቻ ይሆናል። ነገር ግን ስም ያላገኘ ልጅም ያለ ስም አይቀመጥም። ክፍሉ «ደደብ» ይለዋል፣ ቤቱ «ግዴለሽ» ይለዋል፣ እሱም ያምናል። ሌላው የሚያዘናጋ ነገር «እንግሊዝኛው ገና ስለሆነ ነው» የሚለው ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ልጁ እዚያው ተወልዶ አራተኛ ክፍል ደርሶም ያው ከሆነ ግን ማስመርመር ይሻላል።

ቤት ውስጥ

ዲስግራፊያ በቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል፤ ወንዶች ላይ ይበዛል። ከዲስሌክሲያና ትኩረትን ከሚያሳጣው ኤዲኤችዲ ጋርም ብዙ ጊዜ አብሮ ይገኛል። ልጁን ሲያስመረምር የራሱን የልጅነት ደብተር የሚያስታውስ አባት ጥቂት አይደለም። አንዳንዱ ይህን ሲረዳ ልቡ ይራራል። ሌላው «እኔም ተገርፌ ነው የተስተካከልኩት» ይላል። ብዙውን ጊዜ አልተስተካከለም፤ ፎርም የምትሞላለት ሚስቱ ናት።

የቤት ሥራ ሰዓት ላይ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። «አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልጻፍልህ» ማለት ለሳይንሱና ለኅብረተሰብ ትምህርቱ። ከዚያ ልጁ ራሱ ሁለት መስመር ብቻ በጥንቃቄ ይጻፍ። ታላቅ እህት ወይም ወንድም ልትጽፍለት፣ ሊጽፍለት ይችላል፤ ግን የተናገረውን እንዳለ እንጂ እያሳመሩለት አይሁን። ሒሳብ ላይ ቁጥሮቹ እየተንሸራተቱ ከሆነ ስኩዌር ደብተር ይረዳል፤ በየካሬው አንድ አኃዝ። ወፍራም እርሳስ፣ እግር የሚያሳርፍ ወንበር፣ አጭር ጊዜ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደብተሩ በእንግዳ ፊት አይገለጥ።

ስልክም ጥሩ አጋዥ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ጋር ጨምሮታል፤ ልጁ ተናግሮ ጽሑፉ ሲወጣ ያያል። ስህተት አይጠፋውም፤ ስህተቱን ማረሙ ግን ራሱ ትምህርት ይሆናል። ኪቦርድ ላይ አማርኛ ብዙ ጊዜ ለአንድ ፊደል ሁለት ቁልፍ ስለሚያስነካ መጀመሪያ ይዘገያል። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል አካባቢ በትንሹ ማስጀመር ጥሩ ነው።

አዋቂዎችን እንዳንረሳ። ዲስግራፊያ በዕድሜ አይጠፋም፤ ሰው መደበቂያ ያበጅለታል። ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዝ እንዳይባል ኋላ ይቀመጣል። ባንክ ሄዶ «ፊርማዎ አይመሳሰልም» ሲባል ይሸማቀቃል፤ እጁ በየቀኑ የተለየ ነገር ነው የሚሠራው። እንዲህ ላለ ሰው ፊርማውን አጭርና ቀላል አድርጎ ባንኩ ዘንድ ማስቀየር ብዙ ጣጣ ያስቀራል። በጣት አሻራ የሚሠራው የፋይዳ መታወቂያ ባንክ ቤት መግባቱም ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ለማመልከቻ ደግሞ ፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች ማንም በነውር አይቆጥራቸውም። የትዳር ጓደኛም እንዲሁ ሊጽፍ ይችላል፤ በቴክስት የተሳሳተውን ፊደል ለወዳጅ እያሳየ ካልሳቀ።

ፈተናው ወዴት እየሄደ ነው?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተሰጡት መልሶች ትክክለኛውን የሚመርጡበት ነው፤ ከ2016 ጀምሮም ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ዲስግራፊያ ላለበት ተማሪ ይመቻል። ድርሰት የለም፣ ክብ ማጥቆርም እየቀረ ነው። ችግሩ እዚያ ለመድረስ አሥራ ሁለት ዓመት በኖት መኖሩ ነው። በብዙ ክፍል መጽሐፍ ለሁሉም አይዳረስም። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ የገለበጠውን ያጠናል። ግማሹን ብቻ የገለበጠ ልጅ ግማሹን ብቻ ነው የሚያጠናው። ፈተናው ላይ የሚታየው ጉድለት እዚያ የተጀመረ ነው።

ለዚህ የሚኒስቴር መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም። የተከታታይ ምዘናው ነጥብ በክፍል መምህሩ እጅ ነው። አንድን ተማሪ በእረፍት ሰዓት ጠርቶ አምስት ጥያቄ በቃል መጠየቅ፣ ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ እንዲያነሳ ለወላጁ ወይም ለጓደኛው መፍቀድ፣ የጎበዝ ተማሪ ደብተር ኮፒ እንዲያደርግ ማስቻል ይችላል። ወላጅም ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ «ልጄ ይታገዝ» ብሎ በደፈናው ከመለመን ከእነዚህ አንዱን ለይቶ ቢጠይቅ መምህሩ እሺ ለማለት ይቀለዋል።